ሁለቱ አንድ ናቸው ወይ?

ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘውድ በጫኑበት ዓመት፣ በ1864 ዓ.ም. ነሐሴ ወር፣ ወደ እንግሊዝ ደብዳቤ ላኩ። የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ ከዘረፈው ሀብት ሁለት ነገር እንዲመለስላቸው ነበር የጠየቁት፤ አንዱ ኵርዓተ ርእሱ የሚባለው ሥዕል፣ ሁለተኛው ክብረ ነገሥት። መጽሐፉን የፈለጉበት ምክንያት ዛሬ ለሚሰማው ያልተጠበቀ ነው። የአገሪቱ ሕግ፣ የሹማምንቱ፣ የአብያተ ክርስቲያናቱና የአውራጃዎቹ ስም በዚያ መጽሐፍ ሰፍሯልና ያለ እርሱ ሕዝባቸው ትእዛዛቸውን እንደማይቀበል ነው የገለጹት። ሥዕሉ አልተመለሰም። የብሪታንያ ሙዚየም ግን ክምችቱን ሲፈትሽ ሁለት ክብረ ነገሥት አገኘና አንዱን መለሰ።

ለሙዚየሙ ነገሩ ቀላል ነበር። ሁለት ቅጂ ካለ አንዱ ቢሄድ ሌላው ይቀራል፤ ድርሰቱ አንድ ነውና የሚጐድል የለም። ንጉሡ ግን የጠየቁት ድርሰቱን ብቻ አልነበረም። የሳባንና የሰሎሞንን ታሪክ ለማንበብ ቢሆን ኖሮ አገር ውስጥ ካለ ቅጂ ማስገልበጥ ይችሉ ነበር። የፈለጉት ሹመትና ግዛት የተመዘገበበትን፣ ባለጉዳይ ፊት ሲገለጥ ክርክር የሚያቆመውን ብራና ነው። ሁለቱን መጻሕፍት ለድርሰቱ ሲል የሚያያቸው ሰው አንድ ናቸው ይላል፤ ለመዝገቡ ሲል የሚያያቸው ሰው አንዱ ሌላውን ሊተካ አይችልም ይላል። ሁለቱም እውነት አላቸው።

የተበታተነ መረጃን አሰባስቦ በአንድ ቦታ የሚፈለግ የእውቀት ቋት ለማድረግ ሲታሰብ ብዙውን ጊዜ የሚወራው ስለ ማሽኑ ጉልበት ነው፤ ስንት ገጽ እንደያዘ፣ በስንት ሰከንድ እንደሚፈልግ። ማከማቸትና መፈለግ ግን ዛሬ የሥራው ቀላል ክፍል ሆኗል። ከባዱ ከዚያ የሚቀድመው ፍርድ ነው። እዚህ የተጻፈው ሰው እዚያ ከተጻፈው ሰው ጋር አንድ ነው ወይ? ይህ ቦታ ያ ቦታ ነው ወይ? ይህ ዓመት ያ ዓመት ነው ወይ? አዎ ከተባለ ሁለት ማስታወሻ ይጋጠማል፣ አዲስ እውቀት ይወለዳል። በስሕተት አዎ ከተባለ ግን በዓለም ኖሮ የማያውቅ ሰው ይፈጠራል፤ ልደቱ ከአንዱ፣ ሞቱ ከሌላው የተወሰደ። እኔ ይህን ነገር የማየው በግዕዝ ብራናዎች በኩል ነው፤ ከዚህ የበለጠ የተበተነና ከዚህ የበለጠ መገናኘት የሚገባው ሀብት ስለማላውቅ።

መበተኑ አንድ መንገድ ብቻ አልነበረውም። በመቅደላ በኩል ወደ 350 የሚጠጉ ብራናዎች ለንደን ገብተዋል። ፈረንሳዊው አንቷን ዳባዲ ደግሞ በኢትዮጵያ በቆየባቸው ዓመታት እየገዛና እያስገለበጠ ሰብስቦ በ1859 እ.ኤ.አ. የ234 ብራናዎች ዝርዝር አሳተመ፤ እነዚያ ዛሬ ፓሪስ ናቸው። ሌሎች በቫቲካን፣ በኦክስፎርድ፣ በበርሊን አሉ። ከሁሉ የሚበዙት ግን ከቦታቸው ያልተነሡት ናቸው፤ በየደብሩ ዕቃ ቤት፣ በማኅደራቸው፣ በቄሰ ገበዙ ቁልፍ ሥር።

ዝርዝሮቻቸውም እንደ መጻሕፍቱ ተበትነዋል። ዲልማን በ1847 እ.ኤ.አ. የብሪታንያ ሙዚየምን የኢትዮጵያ ብራናዎች በላቲን ዘረዘረ። በ1877 ዞታንበርግ የፓሪሱን በፈረንሳይኛ፣ ራይት ደግሞ ከ1847 ወዲህ የተጨመሩትን የለንደን ብራናዎች በእንግሊዝኛ አወጡ። በዓመቱ ዲልማን የበርሊኑን በጀርመንኛ ጨመረ። ሁሉም ትልቅ ሊቃውንት ነበሩ፤ ድካማቸውን አላቃልልም። ነገር ግን አንድ የጎንደር መሪጌታ የገዛ ደብሩ መጽሐፍ የት እንደ ደረሰ ለማወቅ አራት የአውሮፓ ቋንቋ ያስፈልገው ነበር። እውቀቱ ነበረ፣ ታትሞም ነበር፤ ባለቤቱ ሊጠይቀው በሚችልበት መልክ ግን አልነበረም።

ማገናኘት የሚያስገኘው ደስታ ምን ያህል እንደሆነ መጽሐፈ ሄኖክ ያሳየናል። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1773 እ.ኤ.አ. ሦስት ቅጂ ይዞ አውሮፓ ሲመለስ፣ በዚያ ምድር መጽሐፉ ከጠፋ ብዙ መቶ ዓመታት አልፈው ነበር። በግዕዝ ግን ከዳር እስከ ዳር ሙሉ ሆኖ ኖሯል። በ1886 እና 87 እ.ኤ.አ. መካከል በነበረው ክረምት ላይኛው ግብፅ ውስጥ አኽሚም ላይ የግሪክኛው ክፍል ተገኘ። ከዚያ በ1952 ቁምራን አራተኛው ዋሻ ውስጥ የአራማይክ ቁርጥራጮች ወጡ፤ ሚሊክ በ1976 አሳተማቸው። ለቁርጥራጮቹ ቦታ ለማግኘት ግዕዙ መመሪያ ሆነ፤ የግዕዙ ጥንታዊነት ደግሞ በቁርጥራጮቹ ተመሰከረለት። አዲስ አበባ፣ ካይሮና ኢየሩሳሌም ተለያይተው ቢቀሩ ኖሮ ይህን አንዳቸውም ለብቻቸው ሊያውቁት አይችሉም ነበር።

እዚሁ ላይ ግን አንድ ብርቱ ነገር አለ። ሊቃውንት ምሳሌያት የሚሉት የሄኖክ ክፍል፣ ከምዕራፍ 37 እስከ 71 ያለው፣ ከቁምራን ቁርጥራጮች አንዱም ላይ አልተገኘም። ይህ አለመገኘት ስንት ክርክር አስነሥቷል! አንዱ ክፍሉ ዘግይቶ ተጽፏል ይላል፤ ሌላው ብራናው ስለ ጠፋ ነው ይላል። ጥሩ የእውቀት ቋት ያለውን ብቻ ሳይሆን የሌለውንም መመዝገብ አለበት የምለው ለዚህ ነው። «ተፈልጎ አልተገኘም» እና «ገና አልተፈለገም» በማሽን ፊት አንድ ዓይነት ባዶ ሣጥን ናቸው። በእውነት ፊት ግን ሰማይና ምድር ናቸው።

ወደ ሰው ስም ልምጣ፤ ጉዳዩ ከሁሉ ይልቅ የሚከብደው እዚያ ነው። ገብረ መስቀል የሚል ስም በአንድ ብራና ኅዳግ ላይ ተጽፎ ብናገኝ ማን ነው? የአክሱሙ የዐፄ ካሌብ ልጅ ሊሆን ይችላል። የንጉሥ ላሊበላ የንግሥና ስምም ገብረ መስቀል ነው። የዐፄ ዓምደ ጽዮንም እንዲሁ። ሦስት ነገሥታት፣ በመካከላቸው ብዙ መቶ ዓመታት፣ አንድ ስም። በአንጻሩ ልብነ ድንግል፣ ወናግ ሰገድና ዳዊት ብለን ሦስት ስም ብናገኝ ሦስት ሰው አይደሉም፤ ያው አንዱ ንጉሥ ነው። ፊደልን ከፊደል የሚያነጻጽር ማሽን የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን አንድ ያደርጋቸዋል፣ አንዱን ደግሞ ሦስት ቦታ ይከፋፍለዋል። ቦታም እንዲሁ ነው። ደብረ ሊባኖስ ሲባል ብዙዎቻችን የሸዋውን የአቡነ ተክለ ሃይማኖትን ገዳም እናስባለን። በኤርትራ ሐም ላይ ያለው ደብረ ሊባኖስ ግን ሌላ ነው፤ የወርቅ ወንጌሉን የርስት ሰነዶች ኮንቲ ሮሲኒ በ1901 እ.ኤ.አ. ያሳተመው የዚያኛውን ነው። የአንዱን ጉልት ለሌላው ማሽኑ ቢጽፍለት ማን ይከራከርለታል?

የዘመን ቁጥራችንም ለዚህ ሥራ ፈተና ነው። ጸሐፊው ዓመተ ዓለም ሊጠቀም ይችላል፤ ዓመተ ሰማዕታት ሊጠቀም ይችላል፤ በ532 ዓመት ዑደት የሚመላለሰውን ዓመተ ምሕረት ሊጠቀም ይችላል፤ ወይም «በዘመነ ሉቃስ» ብሎ ብቻ ሊተው ይችላል። በዚህ ጽሑፍ እንኳ የዮሐንስን ደብዳቤ በእኛ ቁጥር፣ የአውሮፓን ካታሎጎች በእነርሱ ቁጥር መጻፍ ግድ ሆኖብኛል። የእኛ ዓመት መስከረም ላይ ስለሚጀምር አንዱ ዓመታችን በእነርሱ ሁለት ዓመት ላይ ይወድቃል። ብራናው ወሩን ካልነገረን 1864 ዓ.ም. 1871ም 1872ም እ.ኤ.አ. ነው። አንድ ቁጥር ብቻ እንዲሞላ የሚያስገድድ ሣጥን መዝጋቢውን ያላወቀውን እንዳወቀ አድርጎ እንዲጽፍ ያስገድደዋል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ተመራማሪ ያንን ቁጥር እንደ እውነት ይይዘዋል፤ ግምት እንደነበረ የሚነግረው የለም።

ስለ ፊደል ብዙ አልልም፤ ያልተነገረ ነገር ስላልሆነ። የሀ፣ የሐና የኀ፣ የሰና የሠ ነገር በአማርኛ ፍለጋ ሁሉ እንቅፋት መሆኑን በስልኩ የፈለገ ሁሉ ያውቀዋል። ፈላጊውን ለመርዳት ፊደላቱን አንድ ማድረግ ይጠቅማል፤ በግዕዝ ግን ሠዐለ ሥዕል መሥራት፣ ሰአለ መለመን ነው። ስለዚህ ማሽኑ በአንድነት ይፈልግ፣ ሲያስቀምጥ ግን እንደ ተጻፈ ያስቀምጥ። የኢትዮጵያ ፊደል በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ መለያ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት በየመሥሪያ ቤቱ የየራሱ ኮድ በነበረው ፎንት የተጻፈ ሰነድ ብዛት ሲታሰብ ያሳዝናል፤ ዛሬ ሲከፈት ትርጕም የለሽ ምልክት የሚሆን ስንት ደብዳቤ፣ ስንት የጥናት ጽሑፍ አለ።

እነዚህን ጥያቄዎች ሁሉ ማሽን ሳይኖር ሲፈርድ የኖረ ሰው ነበረን። በ1973 እ.ኤ.አ. በፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ ዘመን የኢትዮጵያን ብራናዎች በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራ ተጀመረ። ብራናው ከደብሩ አይወጣም፤ ሥዕሉ ብቻ ይወሰዳል። አንዱ ቅጂ አዲስ አበባ፣ ሌላው በሚኒሶታ ኮሌጅቪል በሚገኘው በሂል የብራና ቤተ መጻሕፍት ይቀመጣል። ከአብዮቱ በኋላም ሥራው ቀጥሎ ወደ 9,000 ገደማ ብራናዎች ተነሥተዋል። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በ1975 እ.ኤ.አ. በጥይት ተመትተው እግራቸው ሽባ ከሆነ በኋላ በዓመቱ ኮሌጅቪል ገቡ፤ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆነው በቀረው ዕድሜያቸው እነዚያን ፊልሞች አነበቡ። በ1993 እ.ኤ.አ. የወጣው ዐሥረኛው የካታሎግ ቅጽ ቁጥር 5,000 ላይ ደርሷል።

የእርሳቸውን ዝርዝር ያየ ሰው ልዩነቱን ወዲያው ይረዳል። «ተአምረ ማርያም፣ ይህን ያህል ቅጠል» ብለው አያልፉም። የትኛው ተአምር በየትኛው ቅጠል እንዳለ፣ በኅዳጉ ላይ ማን ርስት እንደ ሰጠ፣ ማን መጽሐፉን እንዳስጻፈ፣ የማን ስም ተፍቆ የማን እንደ ገባ ይጽፋሉ። ይህን ለማድረግ ግዕዙን ብቻ ሳይሆን ንባቡን፣ ዜማውን፣ የነገሥታቱን ዘር፣ የገዳማቱን ጠብ ማወቅ ያስፈልጋል። ሺህ ብራናዎች በአንድ ሰው አእምሮ ውስጥ ተገናኝተው ነበር። በ2021 እ.ኤ.አ. ሲያርፉ ወረቀት ላይ ያላወረዱት ግንኙነት አብሯቸው ሄደ። ጥያቄያችን እንግዲህ ያንን ዓይነት አእምሮ ማን ይተካል የሚል ከሆነ መልሱ አንድ ሰው አይደለም፤ አንድ ማሽንም አይደለም።

አውሮፓ ውስጥ ይህን ሕልም ቀድሞ ያለመው የቤልጅጉ ፖል ኦትሌ ነው። ከጓደኛው ከአንሪ ላፎንቴን ጋር በ1895 እ.ኤ.አ. ብራስልስ ላይ የዓለምን መጻሕፍት ሁሉ በካርድ መመዝገብ ጀመሩ፤ ካርዶቹ ከ12 ሚሊዮን በላይ ደረሱ። የኦትሌ እምነት እውቀት ከመጽሐፉ ሊነጠል ይችላል የሚል ነበር፤ ከየመጽሐፉ እያንዳንዱን ፍሬ ነገር አውጥቶ በየካርዱ ማስፈር፣ ከዚያ እንደ አስፈላጊነቱ መደርደር። ትጋቱን አደንቃለሁ። ሐሳቡን ግን ሙሉ በሙሉ አልቀበልም። ፍሬ ነገር ከቦታው ሲነቀል ማን ተናገረው፣ ለማን ተናገረው፣ በምን ጊዜ ተናገረው የሚለው ይረግፋል። ጤፍና ዳጉሳ አብረው ከተፈጩ በኋላ ማን ይለያቸዋል? ዛሬ ብዙው የመረጃ ቋት በዚሁ መንገድ ይሠራል፤ ሁሉንም ፈጭቶ አንድ ዱቄት ያደርጋል።

እኛ ዘንድ ሌላ መንገድ አለ፤ ለዚህ ሥራ ከማንኛውም ሥርዓት የተሻለ ምሳሌ ሆኖ የማገኘውም እርሱን ነው። የአንድምታ ትርጓሜ መምህር አንድ ጥቅስ ላይ ሲደርስ የሚሰጠው አንድ ፍቺ አይደለም። የመጀመሪያውን ይናገራል፣ ከዚያ አንድም ብሎ ሁለተኛውን፣ አንድም ብሎ ሦስተኛውን ይጨምራል። ፍቺዎቹ አንዳንዴ ይደጋገፋሉ፤ አንዳንዴ ፊት ለፊት ይጋጫሉ። መምህሩ የሚጋጩትን ለማስታረቅ አይቸኩልም፤ አንዱንም አይጥልም። የሁለቱ የትርጓሜ ወገኖች፣ የላይ ቤትና የታች ቤት፣ ልዩነት ራሱ በቃል ተጠብቆ ከመምህር ወደ ተማሪ ይወርዳል። ተማሪው መጨረሻ ላይ የሚይዘው የተጨመቀ አንድ መልስ ሳይሆን ማን ምን እንዳለ ነው፤ ምርጫው በእርሱ ላይ ይቀራል፣ ግን ምን እየመረጠ እንደሆነ ያውቃል።

የእውቀት ቋት እንዲህ ቢሠራ ምን ይመስላል? የገብረ መስቀል ገጽ ሲከፈት «ይህ ማስታወሻ የላሊበላን ነው፤ እገሌ በዚህ ምክንያት እንዲህ ብሏል። አንድም የዓምደ ጽዮን ነው፤ እገሊት በጽሕፈቱ መልክ ተመርታ እንዲህ ብላለች» ይላል። አንድ ናቸው የሚለው ፍርድ ራሱ የሚፈለግ፣ የሚጠየቅ፣ ባለቤት ያለው መረጃ ይሆናል። የሃምቡርግ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት በ2016 እ.ኤ.አ. የጀመሩትና 25 ዓመት የታቀደለት «ቤተ መጻሕፍት» የተባለው ፕሮጀክት ወደዚህ የሚጠጋ መንገድ መያዙ ደስ ያሰኘኛል። እያንዳንዱ ድርሰት፣ እያንዳንዱ ብራና፣ እያንዳንዱ ሰውና ቦታ የየራሱ መለያ ቁጥር አለው፤ ድርሰቱ ከብራናው ተለይቶ ይመዘገባል። ማን መቼ ምን እንደ ለወጠም መዝገቡ ይይዛል። የዮሐንስ ሁለት ክብረ ነገሥት እዚያ ቢጠየቁ መልሱ «በድርሰት አንድ፣ በብራና ሁለት» ነው የሚሆነው፤ ንጉሡም ሙዚየሙም ሊቀበሉት የሚችሉት።

ማገናኘት ወደ አንድ ቦታ መሰብሰብ ማለት እንዳልሆነም ታሪካችን በመራራ መንገድ አስተምሮናል። መቅደላ ላይ ያን ያህል መጽሐፍ እንዴት ተገኘ? ዐፄ ቴዎድሮስ ራሳቸው ከጎንደር አድባራትና ከሌሎችም ቦታዎች አሰባስበው ነው፤ በስመ መድኃኔ ዓለም ላቀዱት ቤተ ክርስቲያን። ሐሳባቸው ታላቅ ነበር። ነገር ግን በየደብሩ ተበትኖ የነበረውን ማንም ጦር በአንድ ቀን ሊዘርፈው አይችልም፤ በአንድ አምባ ላይ የተሰበሰበው ግን በ15 ዝሆንና በ200 ገደማ በቅሎ ተጭኖ ሄደ። ከጭነቱ ለንደን ያልሄደው የብራና ክፍል ጨለቆት ለሚገኘው ቤተ ክርስቲያን ተሰጥቶ ቀረ። የኦትሌም ዕጣ ከዚህ አይርቅም። በ1940 እ.ኤ.አ. ጀርመኖች ቤልጅግን ሲይዙ ክምችቱን ከነበረበት አዳራሽ አስወጡት፤ ብዙው ጠፋ።

የቆየው የአብነት ትምህርት ሥርዓት ግን ሳይሰበስብ አገናኝቶ ኖሯል። የድጓ ምስክር ቤተ ልሔም ነው፣ የዝማሬ መዋሥዕት ዙር አምባ፣ የቅዳሴ ደብረ ዓባይ፤ ቅኔን ፈላጊ ወደ ጎጃም፣ አቋቋምን ፈላጊ ወደ ጎንደር ይወጣል። አንድም ቦታ ሁሉን አልያዘም። የሚያገናኛቸው ተማሪው ነው፤ አኰፋዳውን ይዞ፣ ከውሻ እየተከላከለ፣ ከመምህር ወደ መምህር የሚሄደው። ሲመለስም ዝም ብሎ ዐወቅሁ አይልም፤ የት እንደ ተማረ፣ ከማን እንዳስመሰከረ ይጠየቃል። መምህሩ እንዲህ ተጠርቶ የማይታወቅ እውቀት ተቀባይነት የለውም። እውቀቱ በየቦታው ይቀመጣል፣ ሥልጣኑም በየቦታው ይቆያል፤ የሚዘዋወረው ምስክርነቱ ነው። የዘመኑ ቋት ይህን ቢመስል፣ ለንደን የለንደኑን፣ ኮሌጅቪል የኮሌጅቪሉን፣ ደብሩም የደብሩን እየያዘ በጋራ መለያ ቢገናኙ፣ ማንም ማንንም ሳይውጥ ሁሉም ከሁሉ ሊጠይቅ ይችላል።

በእነዚህ ጥቂት ዓመታት ደግሞ አዲስ ነገር መጥቷል። ሰነዶቹን አንብቦ በራሱ ዐረፍተ ነገር የሚመልስ ማሽን ተሠርቷል። ከሺህ ገጽ ውስጥ የተፈለገውን መስመር ማግኘቱ ትልቅ ጸጋ ነው፤ ማየት ለተሳነው፣ አገሩ ርቆ ለሚኖር፣ የካታሎጎቹን ቋንቋዎች ለማያውቅ በር ይከፍታል። የምፈራው የንግግሩን ልስላሴ ነው። አንዱን ከገድል፣ አንዱን ከዜና መዋዕል፣ አንዱን ከመንገደኛ ማስታወሻ ወስዶ አንድ የሚያምር አንቀጽ ሲያደርገው ስፌቱ አይታይም። ገድል ለጻድቁ ክብር ይጻፋል፣ ዜና መዋዕል በንጉሡ ፊት ይጻፋል፣ መንገደኛው ያየውንም ያልገባውንም ይጽፋል። ሦስቱን በአንድ ድምፅ ማናገር ሦስቱንም ዝም ማሰኘት ነው። ምንጩን ከነቅጠሉ የማያሳይ መልስ፣ እውነት እንኳ ቢሆን፣ ተማሪው እንዲያምን እንጂ እንዲያውቅ አያደርገውም።

ሁሉም ነገር ይፈለግ፣ ሁሉም ይገኝ የሚለውንም ያለ ጥያቄ አልቀበለውም። ክታብ የሚባለውን የጸሎት ጥቅልል እናስብ። በውስጡ የተጻፈለት ሰው የክርስትና ስም አለ፤ በሽታው፣ ፍርሃቱ፣ የሚሸሸው መንፈስ አለ። በሞተ በመቶ ዓመቱ የአንድ ሰው ሕመም በስሙ ተፈልጎ ይገኝ ዘንድ ፈቅዷል ወይ? በሌላ በኩል የትኛው ገጠር ደብር ምን ያህል ያረጀ ወንጌል እንዳለው በካርታ ላይ ለዓለም ማሳየት ለተመራማሪ እንደሚጠቅም ሁሉ ለሌባም ይጠቅማል። ቄሰ ገበዙ ለማያውቀው እንግዳ ዕቃ ቤቱን አልከፍትም ሲል እንደ ኋላ ቀር የሚያዩት አሉ። እኔ እንደ ጠባቂ ነው የማየው። የሚሠራው ቋት የእርሱን እንቢታም ሊያከብር የሚችል፣ ለማን ምን ያህል እንደሚታይ ባለቤቱ የሚወስንበት መሆን አለበት። ደግሞም ቄሰ ገበዙ የሚያውቀው፣ ይህ መጽሐፍ ለየትኛው በዓል እንደሚወጣ፣ በክፉ ቀን ማን ዋሻ ውስጥ ደብቆ እንዳተረፈው፣ በየትኛውም ካታሎግ ሣጥን አልተሰጠውም። ከሁሉ ቶሎ የሚጠፋው መረጃ ይኸው ነው።

ያለው ሥራ ትንሽ አይደለም፤ ግን ያልተሠራው የማን ድርሻ እንደሆነ ግልጽ ነው። ከዲጂታሉ ክምችት ብዙው ዛሬ በኢንተርኔት ያለ ክፍያ ይታያል፤ የመጠየቂያው ቋንቋ ግን በአብዛኛው እንግሊዝኛ ነው፤ የስሞቹም አጻጻፍ አንድ የጎጃም መምህር በማይገምተው የላቲን ፊደል ነው። ይህን ማስተካከል ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን ያሉ የኮምፒውተር ልጆቻችን ሊሠሩት የሚችሉት ሥራ ነው፤ ግዕዝ የሚያውቁት ሊቃውንት ከጎናቸው ቢቀመጡ። አንዱ ያለ ሌላው ቢሞክረው ወይ የማይፈለግበት መዝገብ ወይ የማያውቅ ማሽን ይወጣል።

አንተም አንባቢ፣ አንቺም አንባቢት፣ ከአያት የወረደ ብራና፣ በገዳም ጉብኝት የተነሣ የኅዳግ ፎቶግራፍ፣ የደብር የርስት መዝገብ ግልባጭ በእጃችሁ ይኖር ይሆናል። ዛሬውኑ ጀርባው ላይ ወይም ፋይሉ ስም ላይ ጻፉበት፤ ከየት እንደ መጣ፣ መቼ እንደ ተነሣ፣ በየትኛው ዘመን ቁጥር እንደ ተቈጠረ፣ ማን እንደ ነገራችሁ፣ ማን እንደ ፈቀደ። ያላወቃችሁትንም አላወቅሁም ብላችሁ ጻፉ። ነገ ከሌላው ጋር አንድ ነው ወይስ ሁለት ብሎ የሚፈርደው ሰው ከዚያ የተሻለ ምስክር አያገኝም።